ከርስት ክርክር እስከ ከተማ መዝገብ
የአያት ቅድመ አያት ፍለጋ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አውራጃዎች የአያትን የቅድመ አያትን ስም መቁጠር ለረጅም ዘመን የጨዋታ ወይም የኩራት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልኖረም። መሬት የሚገኝበትና የሚታጣበት፣ ጋብቻም የሚፈቀድበትና የሚከለከልበት ማስረጃ ነበር። ከዳኛ ፊት የቆመ ባላገር ትውልዱን አስተካክሎ መቁጠር ካልቻለ እርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ልጁን የሚድርም ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩን ሽማግሌ አስቀምጦ ማጣራት ነበረበት።

ይህ ልማድ ዛሬ ሥራውን በአብዛኛው ጨርሷል። መሬት በትውልድ ቆጠራ አይገኝም፤ በከተማ የሚኖረው ቤተሰብም ከአያቱ ስም አልፎ መቁጠር አያዘወትርም። የሽማግሌዎች ቃል እየተቋረጠ በሄደ መጠን፣ የቤተሰቡን ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ መቃብር ስፍራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ ወደ ቤተ መዛግብትና ወደ ከተማ መዝገብ ማዞር ግድ ሆኖበታል። ማስረጃዎቹ ከምን ተነሥተው ምን ደረጃ እንደደረሱ፣ ምን ያህል እንደሚታመኑና ምን እንዳሰጋቸው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩. ርስትና ትውልድ ቆጠራ

ርስት በሰሜንና በመካከለኛው የአማራና የትግራይ አውራጃዎች የጸናው የመሬት ሥርዓት ነበር። መሠረቱም ይህ ነው፤ አንድ አቅኚ አባት በመጀመሪያ ባቀናው መሬት ላይ ከእርሱ የተወለዱ ሁሉ መብት አላቸው። መብቱ በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይተላለፋል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ አንድ ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል በብዙ አቅኚ አባቶች መሬት ላይ ጥያቄ ማቅረብ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ወደ እርሻ የሚለውጠው የጠያቂው ብርታት፣ የዘመዶቹ ድጋፍና የትውልድ ቆጠራው ጥራት ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ውጤቶች ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ሴቶች ከትውልድ ሐረግ አለመጥፋታቸው ነው። ኢትዮጵያዊት ባል ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ ርስትም በእርሷ በኩል ስለሚጠየቅ የልጅ ልጆቿ ስሟን ለመርሳት አይደፍሩም። ሚስት በባሏ የቤተሰብ ስም በምትጠራበት አገር ይህን ፈለግ መከተል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው ውጤት ግን ተቃራኒ ነው። ትውልድ ቆጠራ ጥቅም የሚያስገኝ በመሆኑ ሐሰት ይገባበታል። ተከራካሪ የማይመቸውን ስም ይጥላል፤ የሚመቸውን ይጨምራል፤ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋል። ስለዚህ በርስት ክርክር የተነገረ የትውልድ ቆጠራ የዘመድ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የተሟጋች ቃልም ነው። ተመራማሪው ቆጠራውን ሲሰማ «ይህ የተነገረው ለማን ነው? ምንስ ለማግኘት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ርስት ሕጋዊ ኃይሉን አጣ። በዚያችው ቀን ትውልድ መቁጠር ከችሎት ወጥቶ የማስታወሻ ጉዳይ ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሰው አያቶቹን ቆጥሮ የሚያገኘው መሬት ስለሌለ፣ ለመቁጠር የሚያስገድደውም የለም።

በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ያለው ልማድም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ሶማሌዎች «አብቲርሲ» የሚሉትን የአባቶች ቆጠራ ለልጆቻቸው ከሕፃንነት ጀምሮ ያስጠናሉ። የቦረና ኦሮሞ ሽማግሌዎች በየ8 ዓመቱ የሚፈራረቁትን የአባ ገዳዎች ስም በተራ ስለሚይዙ፣ አንድ አያት በማን ዘመን እንደኖረ በማወቅ ዘመኑን መገመት ይቻላል። በኮንሶ ደግሞ ለታላላቅ ሰዎች የሚቆመው «ዋካ» የተባለው የእንጨት ሐውልት የሟቹን ማንነት ለትውልድ ያሳያል።

፪. በወንጌል ዳር የተጻፈ መዝገብ

በጥንቱ ዘመን የመሬት ስጦታና ውል የሚቀመጥበት የታመነ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጽሑፉ የሚሰፍረው በወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው። መጽሐፉ የተቀደሰ ስለሆነ የሚደፍረው የለም፤ ጽሑፉም የሚፈጸመው በውግዘት ነው። ጥንታውያኑ የጉልት ስጦታዎች በግዕዝ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ከጎንደር ዘመን ወዲህ ያሉት የሽያጭና የውርስ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ አማርኛ የተቀላቀለባቸው ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን የመሰሉ የጎንደር አድባራት በዚህ ረገድ የከበረ ሀብት ነበራቸው። በጽሑፎቹ ላይ ሻጭና ገዥ፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹና ዋሶቹ በስም ይዘረዘራሉ። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ይህን መሰሉን ማስረጃ ተጠቅሞ የክርስቲያናዊውን መንግሥት የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ ጽፏል። ቀደም ብሎም በበጌምድር ሴቶች መሬት ይዘው፣ አውርሰውና ተሟግተው እንደነበር አሳይቷል። ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ከዋናው ውል ይልቅ የምስክሮቹ ዝርዝር ሊጠቅመው ይችላል፤ ምስክር ሆኖ የሚቆመው ዘወትር ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የደብሩ ሰው ነውና።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከቦታው ላይገኝ ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ለንደን ገብተዋል፤ ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አሳትሟል። የጎንደር አድባራት ንብረት የነበሩ መጻሕፍት በውስጣቸው ስለሚገኙ፣ አንድ የጎንደር ቤተሰብ የቅድመ አያቱን የመሬት ውል ከሀገሩ ይልቅ በሎንዶን ሊያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የማያንሱ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ብዙዎቹንም የመረመሩትና ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ተመራማሪውን የሚያሳስተው ዋናው ነገር ስም ነው። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የማዕረግ ስምና አንዳንድ ጊዜም የፈረስ ስም አለው። በቤቱ በአንድ ስም የሚጠራው ሰው በካህናቱ ጽሑፍ «ወልደ ሚካኤል» ሆኖ ይገኛል፤ ፉከራ ላይ ደግሞ «አባ» እገሌ ነው። ማዕረጉም እንደ ሹመቱ ይለዋወጣል። ስለሆነም ሁለት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ የአባትን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን ሦስቱንም ማገናኘት ያሻል።

፫. የመቃብር ድንጋይ

በገጠር የተራው ሰው መቃብር ድንጋይ የተከመረበት አፈር እንጂ ጽሑፍ ያለበት ሐውልት አልነበረም። ዘመዶቹ ቦታውን ያውቁታል፤ ከእነርሱ በኋላ ግን የሚያውቀው አይኖርም፤ በዚያው ስፍራም ሌላው ይቀበርበታል። መሳፍንትና መኳንንት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በአጸዱ ይቀበሩ ነበር። ስም፣ ማዕረግ፣ የልደትና የዕረፍት ቀን የተቀረጸበት ድንጋይ በብዛት የታየው ከተሞች እየሰፉ በሄዱበት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በዮሴፍና በሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ያሉት የእምነ በረድና የሲሚንቶ መቃብሮች የዚህ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

የመቃብር ጽሑፍ ሲነበብ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የዕረፍቱ ቀን ዘወትር የታመነ ነው፤ የልደቱ ዓመት ግን ቤተሰቡ በግምት የሰጠው ሊሆን ይችላል። የትውልድ አገር ተብሎ የተጻፈው አንዳንድ ጊዜ ሟቹ የተወለደበት ሳይሆን አባቶቹ የመጡበት ነው። እንዲሁም ድንጋዩ ያለበት ስፍራ አስከሬኑ መጀመሪያ የተቀበረበት ላይሆን ይችላል። የከበሩ ሰዎች ዐፅም ከአንድ ደብር ወደ ሌላ ደብር መፍለሱ የቆየ ልማድ ነው፤ በቅርቡ ዘመን እንኳ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ገብቶ ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።

ከጥንታውያኑ የመቃብር ጽሑፎች መካከል በዐረብኛ የተቀረጹት ይገኛሉ። በዳህላክ ደሴቶችና በትግራይ በኵሓ የተገኙት የመቃብር ድንጋዮች የሟቹን ስም ከአባትና ከአያቱ ስም ጋር ይዘዋል፤ የኵሓዎቹ ብዙዎች የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ዓመት ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የአርመኖች መቃብር ደግሞ ሌላ የታሪክ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ሙዚቀኞች የዚሁ ማኅበረሰብ ታሪክ አካል ናቸው።

ሥርዓት ያለው የመቃብር ስፍራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በከተማይቱ የሚገኘውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮች መቃብር መመልከት ይበቃል። እያንዳንዱ መቃብር በክፍል፣ በረድፍና በቁጥር ይታወቃል፤ መዝገቡም ከመሬቱ ጋር ይመሳከራል። ድንጋዩ ቢሰበር እንኳ ሟቹ አይጠፋም።

ከዚህ ጋር የማይነጻጸር መቃብር ደግሞ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ፋሺስቶች የፈጇቸው፣ ኋላም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት ብዙ ሰዎች በጅምላ ተቀብረዋል። የስድስት ኪሎው ሐውልትም ሆነ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ለብዙ ቤተሰቦች በመቃብር ድንጋይ ቦታ የቆሙ ናቸው።

፬. ቤተ መጻሕፍትና ጋዜጣ

ስሙ ከተገኘ በኋላ የሰውየውን ሥራና ዘመን የሚያስረዱ መጻሕፍት አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች በፊደል ተራ ይዘረዝራል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመንግሥቱን ሥራ ክፍልና የመሬቱን ሥሪት ዝርዝር የያዘ ስለሆነ፣ አያቱ «ጋሻ ጃግሬ» ወይም «ባለ ጋሻ መሬት» ነበር የተባለለት ሰው የቃሉን ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ ነው። እኒሁ ደራሲ የፈረስ ስሞችንም ሰብስበው ጽፈዋል።

በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» እና በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ሹመትን፣ ሽልማትንና የሞት ዜናን ይዘዋል። እነዚህ ሁሉ በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው በተለምዶ ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1963 በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ።

፭. የከተማ መዝገብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዐፄ ምኒልክ መሬቱን ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ በሰፈር ደለደሉ። ስለዚህ የከተማይቱ የሰፈር ስም ራሱ መዝገብ ነው። ራስ መኰንን ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር በጌታው ስም የተጠሩ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎቹን፣ ዘበኛ ሰፈር ዘበኞቹን ያስታውሳል፤ ጎፋ ሰፈርና ወርጂ ሰፈር ደግሞ ሰዎቹ የመጡበትን አገር ወይም ወገን ይጠቁማሉ። የአያቱን ሰፈር የሚያውቅ ሰው አያቱ የማን ተከታይ እንደነበረ ለመገመት መነሻ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1907 ዐፄ ምኒልክ የከተማ ቦታን በግል ለመያዝና ለመሸጥ የሚያስችል ሕግ ካወጡ በኋላ ቦታ እየተለካ በስም መጻፍ ጀመረ። ነገር ግን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢጣልያ ጦር ከመግባቱ በፊት ከተማይቱ ስትዘረፍና ስትቃጠል በየቤቱ ሣጥን የነበረ ወረቀት ከቤቱ ጋር ነድዷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ደግሞ የነዋሪው መዝገብ ወደ ቀበሌ ገባ።

ከከተማ መዝገቦች ሁሉ ለትውልድ ፍለጋ የሚበልጠው የውርስ ፋይል ነው። ፍርድ ቤት ወራሽነትን ለማረጋገጥ ምስክር ይሰማል፤ ሟቹ ከማን እንደተጋባ፣ ማንን እንደወለደ፣ ከልጆቹም ማን እንደቀደመው በዝርዝር ይጽፋል። በዚህ መንገድ የጥንቱ የርስት ችሎት ሥራ በሌላ መልክ በከተማ ቀጥሏል።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ግን እጅግ ዘግይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብን በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፣ በቁጥር 3361 ሥራ ላይ መዋሉን ወደፊት እስኪታዘዝ ድረስ አቆይቶታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሁለቱ መካከል 56 ዓመታት አለፉ፤ በእነዚህ ዓመታት የተወለዱትና የሞቱት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት መዝገብ አያውቃቸውም።

፮. የዘመን ስሌት

የሽማግሌ ቃል፣ የኅዳግ ጽሑፍና የመቃብር ድንጋይ የሚገናኙት በዘመን ነው። አሮጌ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረትን ከመጥቀስ ይልቅ «በእገሌ መንግሥት፣ በዘመነ ማቴዎስ» ማለትን ያዘወትራሉ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ ውሉ «በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት፣ በዘመነ ማቴዎስ» ቢል፣ ንጉሡ ከየካቲት 1847 እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስለነገሡ ዓመቱ 1849፣ 1853 ወይም 1857 ነው። ጽሑፉ ወሩንና ቀኑን ከሳምንቱ ዕለት ጋር ካስፈረ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ በ4 ዓመት ውስጥ ያለው 1,461 ቀን ለ7 ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ ያው ቀን በሦስቱም ዓመታት በተለያየ ዕለት ይውላልና።

የቃል ቆጠራም በዚሁ ዓይነት ይፈተናል። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ያህል ቢታሰብ፣ በ1950 ዓ.ም. በተወለደ ሰውና በ1660 ዓ.ም. ገደማ ተወልዶ ለቀዳማዊ ኢያሱ ባገለገለ አባት መካከል አሥር ያህል ትውልድ አለ። ቤተሰቡ ስድስት ስም ብቻ ቆጥሮ ከዚያ አባት ቢደርስ አራት ያህል ስሞች ወድቀዋል ማለት ነው። «በክፉ ቀን ተወለደ»፣ «በሰገሌ ሞተ»፣ «በኅዳር በሽታ ወላጆቹን አጣ» የሚሉት ቃላት ደግሞ በቅደም ተከተል ከ1880 እስከ 1884፣ 1909 እና 1911 ዓ.ም. ላይ የተተከሉ ምልክቶች ናቸው። ቀያሽ ከሚታወቅ ነጥብ ተነሥቶ በሚታወቅ ነጥብ እንደሚዘጋ ሁሉ፣ የትውልድ ሐረግም በሁለት የታወቁ ዘመናት መካከል ካልተዘጋ በወረቀት ላይ የሚተማመኑበት አይደለም።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ቁም ነገር ይወጣል። ማንኛውም ሰው በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 አያቶች አሉት። የቤተሰብ ትዝታ የሚይዘው ከእነዚህ መካከል ጌታ የነበረውን፣ አርበኛ የነበረውን፣ ርስት ያወረሰውን አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። ሌሎቹ ከየት እንደመጡና ምን ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ሲጣራ፣ «ዘራችን ከዚህ ብቻ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ አይጸናም። ከጠፉት መካከል በባርነት የኖሩት ይገኛሉ፤ ከአገራቸው ሲነጠቁ ስማቸው ተለውጧል፤ በአሳዳሪያቸው ቤት ክርስትና ሲነሡ የአባታቸው ስም ቀርቷል። ባርነትን የሻረው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ሲወጣ ነጻነታቸውን ሰጠ እንጂ የአባታቸውን ስም ሊመልስላቸው አልቻለም።

፯. የመሐንዲሱ ድርሻ

ብራና ይቃጠላል፤ ሽማግሌ ይሞታል። የመቃብር ድንጋይንና የሰፈርን ስም ግን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋቸው የመሬት ቆፋሪ መኪና ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ ነባር ሰፈር ሲፈርስ ለዘመናት የቆየው ማስረጃ በአንድ ቀን ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ሲበተንም «የእገሌ ቤት እዚህ ነበር» የሚል ጎረቤት አብሮ ይበተናል።

ከተማ መታደሱ፣ መንገድም መሠራቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሥራው ሲጀመር ቀያሹ መሣሪያውን ይዞ ከቦታው ላይ አለ፤ ያን ዕለት ጽሑፍ ያለበትን መቃብር ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ጽሑፉን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ስለሰፈሩና ስለቤቶቹ የቀድሞ ስም ጠይቆ መጻፍ፣ ከዚያም አንድ ቅጂ ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት መስጠት ከመሬት ልኬት ሥራ ጋር ሲነጻጸር የጥቂት ቀን ድካም ነው። መቃብሩ መነሣት ካለበትም ዐፅሙ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ በመዝገብ መስፈር ይኖርበታል።

የቀድሞ ባላገር የአያቱን ስም የያዘው እርሻውን እንዳያጣ ነበር። የዛሬው ትውልድ በዚህ ምክንያት የሚይዘው ስም ስለሌለ፣ ስሙን የሚጠብቅለት መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገቡን ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ችካል የሚተከልበት ዕለት ነው።